ሶልያና ከዌልስ ዘመቻ የኮበለለች ጊዜ

ደምመላሽ ወልደሰንበት ሆሎዌይ ላይ ቀይ አውቶቡስ ይነዳል። እሱን ብትጠይቁት ግን እንዲህ አይላችሁም፤ «በትራንስፖርቱ ዘርፍ ሰፊውን ሕዝብ እያገለገልኩ ነው» ይላችኋል። ሰፊው ሕዝብ ዝናብ ላይ ቆሞ እጁን ሲያውለበልብ ጥሎት እንደሚያልፍ ደግሞ ፌርማታ ላይ የቆመ ሁሉ ይመሰክራል።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ሎንዶን ላይ ሊቀ መንበር ያልሆነ ሐበሻ ብርቅ ነበር። ደምመላሽም ተራው ደረሰውና የሰሜን ሎንዶን የድጋፍ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነ። አገር ቤት ያሉት ተቃዋሚዎች ሲሰነጠቁ ኮሚቴው ተሰነጠቀ፤ ስንጣሪው ደግሞ «ስለ መሰንጠቁ መግለጫ እናውጣ፣ አናውጣ» በሚል ዳግመኛ ተሰነጠቀ። ተሰንጥቆ ተሰንጥቆ የጥርስ መጎርጎሪያ ሲያክል፣ ደምመላሽ ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ ባለች አንዲት ካፌ ውስጥ ከሁለት አባላት ጋር ቀረ። አንደኛው መኩሪያ ነው፤ ቃለ ጉባዔ ይጽፋል፣ የተባለውን ሁሉ ይደግፋል። ሌላው ባፈና ነው፤ የተባለውን ሁሉ ይቃወማል፣ ራሱ ያለውን ጭምር። ከእነሱ ጎን እትዬ ኣኽበረት ይቀመጣሉ፤ አስመራ ላይ በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የሚመጡት ካፌዋ ስለምትሞቅ እንጂ ለትግሉ ብለው አይደለም። ኮሚቴው ግን ሰው የበዛለት እንዲመስል «ታዛቢ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል።

የሚመራው ሕዝብ ያለቀበት ሰው ፊቱን ወደ ቤቱ ያዞራል። ደምመላሽ ቤት ውስጥ የቀረችለት ሰፊ ሕዝብ አንዲት ልጁ ናት፤ ሶልያና።

ሶልያና እዚሁ ሎንዶን የተወለደች፣ አማርኛዋን ከአባቷ መግለጫዎች የለቀመች ልጅ ናት። ማማሰያ አቀብዪ ስትባል ግራ ይገባታል፤ የአቋም መግለጫ ግን በቃሏ ትወጣለች። ፍላጎቷ አንድ ብቻ ነበር፤ ፋርማሲ መማር። ለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኬሚስትሪ ላይ ኤ ይፈልጋሉ። ኤው ደግሞ ፈተናው ሳይደርስ ገና አስተማሪዋ «ታመጣለች» ብሎ አስቀድሞ የሚመሰክርላት ነው። የእንግሊዝ አገር ነገር እንዲህ ነው፤ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚጠራው በትንቢት ነው። ነቢዩ «ቢ» ካለ አለቀ፤ ማንም በሩን አይከፍትላትም።

በመጨረሻው ዓመት መግቢያ ላይ ትምህርት ቤቷ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ዌልስ ተራራ ላይ ያለ አንድ የእርሻ ትምህርት ቤት የከተማ ልጆችን ለአንድ ተርም፣ ሦስት ወር ያህል፣ ተቀብሎ ያስተምራል፤ ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት በግ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ኃላፊዋ መምህርት ነገሩን በጥንቃቄ አስረዳች። «ዩኒቨርሲቲዎች ሊወዱት ይችላሉ» አለች። «ማመልከቻዋ ላይ ስለ ራሷ ስትጽፍ የምትለው ነገር ታገኛለች። ለብቻው ግን ማንንም አያስገባም። ዋናው ውጤት ነው።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ደምመላሽ ይዞ የወጣው «ዩኒቨርሲቲ» እና «ገጠር» የሚሉትን ብቻ ነው። ሁለቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ሲገናኙ ዓመቱ ስልሳ ሰባት ሆነ።

በስልሳ ሰባት መንግሥት ተማሪውን ካኪ አልብሶ «ሂድ፣ ገበሬውን አንቃ» ብሎ ወደ ገጠር አዝምቶት ነበር። ዘምቶ የጨረሰ ምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል፤ የኮበለለ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አይረግጥም። ደምመላሽ ከፋ ክፍለ ሀገር ዘመተ። ገበሬው ግን ከእሱ በፊት ነቅቶ ኖሮ «ይህ ልጅ በከንቱ አፉን ከሚያደክም ለእህሉ ይጩህልን» ብሎ ጦጣ ጥበቃ መደበው። ቀን ጦጣ ላይ ይጮኻል፣ ሲተኛ ቁንጫ ይቀበለዋል። ክረምቱ ሲገባ ኮበለለ። ይህ ምሥጢር አይደለም፤ እሱ ራሱ «ታክቲካዊ ማፈግፈግ» እያለ ለሰማው ሁሉ ይተርከዋል። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ግን በዚያው ቀረበት። ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ሎንዶን፣ ከዚያ አውቶቡስ።

«ገባኝ» አላት ሚስቱን እህተማርያምን፣ ከስብሰባው ሲወጡ። «ዘመቻ ነው። እነዚህም ደርሰውበታል ማለት ነው። ያልዘመተ አይገባም።»

«ሴትየዋ እኮ እንደዚያ አላለችም።»

«አንቺ የተነገረውን ነው የሰማሽው። እኔ የሰማሁት ያልተነገረውን ነው።»

ሶልያና ስትጠየቅ ወዲያው እሺ አለች። የበግ ፍቅር ኖሯት አይደለም። እሁድ እሁድ ካፌዋ ስትዘጋ ስብሰባው ወደ እነሱ ሳሎን ይዛወር ነበር፤ ስለ ድርጅታዊ ዲሲፕሊን እየተጨቃጨቁ ብስኩቷን ይጨርሱባታል። ስብሰባ የማይደርስበት ተራራ ለእሷ ገነት ነው።

ፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኟት። ደምመላሽ ካኪ ሱሪ ገዝቶላታል፤ ኮዳም ትከሻዋ ላይ አንጠልጥሎላታል። ጉሮሮውን ጠረገና «ጓዶች!» አለ። ጓዶቹ እናቷና ሻንጣዋ ነበሩ።

«ከሰፊው ገበሬ ተማሪ። ችግሩን ተካፈዪ። ከሁሉ በላይ ግን ምን ቢመጣ አትኮብልዪ!»

«ዳድ፣ ፒፕል እያዩን ነው።»

«ይዩና!»

በሦስተኛው ሳምንት ሶልያና ደወለች።

«አባዬ፣ ችግር አለ።»

«ቁንጫ ነው?»

«ኖ! ኬሚስትሪው ነው። እዚህ የሚያስተምሩን ከኛ ጋር አይገጥምም፣ ላብራቶሪም የላቸውም፤ ኩሽና ውስጥ ነው የምንሞክረው። ቲቸሬ ኢሜይል አድርጎልኝ ነበር። ኖቬምበር ላይ የላብ ፈተና አለ። እሱን ካልሠራሁ ያምናውን ውጤት አይቶ ነው ፕሬዲክት የሚያደርገኝ።»

«ያምናው ስንት ነበር?»

«ቢ።»

«ቢ ምን ይጎድለዋል?»

«ፋርማሲ ኤ ነው የሚፈልገው፣ ዳድ! በቢ አፕላይ ካደረግኩ ሁሉም ሪጀክት ያደርጉኛል። ላይክ፣ ሁሉም። መመለስ አለብኝ።»

ደምመላሽ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«ልትኮበልዪ ነው?»

«ልፈተን ነው!»

«ኮብላይ ሁሉ ምክንያት አያጣም» አለ ደምመላሽ። በዚህስ ጉዳይ እሱን የሚያህል ሊቅ የለም።

ልጅን የሚያህል ነገር በአንድ ሰው ውሳኔ አይወሰንም፤ የግለሰብ አምልኮ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳዩ ካፌዋ ውስጥ ለኮሚቴው ቀረበ። አጀንዳ አንድ፦ የጓዲት ሶልያና ጥያቄ። አጀንዳ ሁለት፦ ልዩ ልዩ።

«ትመለስ የሚል እጁን ያውጣ» አለ ሊቀ መንበሩ።

ባፈና እጁን አወጣ።

«ምክንያትህን አስረዳ።»

«ምክንያት የለኝም። ድምፄ ነው።»

«እሺ። ትቆይ የሚል?»

መኩሪያ አወጣ። ባፈናም አወጣ።

«ባፈና! አሁን ትመለስ አላልክም?»

«ብያለሁ። እሱንም እቃወማለሁ።»

እትዬ ኣኽበረት ሻያቸውን ፉት አሉና፣ «አንተ ደምመላሽ» አሉ፣ «ልጅቷ ፈተና አለብኝ ነው አይደል ያለችው?»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ታዛቢ ነዎት።»

«እየታዘብኩህ ነዋ።»

«የመርህ ጉዳይ ነው፣ እትዬ። ነገ ዩኒቨርሲቲው ‹ዘመቻሽን ለምን አልጨረስሽም?› ብሎ ቢጠይቃት ምን ትመልሳለች? እኔን የበላኝ ጥያቄ እሷን ይብላት?»

«ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቃት ኬሚስትሪ ነው። በግ ጠብቃለች ብሎ ሰው ፋርማሲ የሚያስገባ ካለ፣ እኔ ከዚያ ፋርማሲ ኪኒን አልገዛም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ የንዑስ ከበርቴ አመለካከት ነው።»

«ከበርቴ ብሆንማ ኖሮ ቤቴን አሙቄ እቀመጥ ነበር። እዚህ መጥቼ አንተን ምን ያሰማኛል?»

መኩሪያ «ታዛቢዋ ለመርሁ ያላቸውን ድጋፍ ገልጸዋል» ብሎ ጻፈ። ሶልያና እንድትቆይ በሙሉ ድምፅ፣ በአንድ ተቃውሞ፣ ተወሰነ።

የኖቬምበሩ ፈተና ሲቃረብ ግን ደምመላሽ ሚስቱ በስልክ «ነይ፣ እኔ አለሁልሽ» ስትል ጆሮውን ጣል አድርጎ ሰማ። ቤቱ ውስጥ አንጃ ተፈጥሯል! ሺፍቱን ከሌላ ሹፌር ጋር ተለዋወጠና የኮብላይዋን መንገድ በአካል ተገኝቶ ሊዘጋ ወደ ዌልስ ሄደ።

እርሻው ላይ የተቀበለው ግዊን የሚባል ገበሬ ነው፤ ፊቱ በንፋስ የቀላ፣ ውሻው ከእግሩ የማይለይ። ሌላ አባት ቢሆን «ልጄ እንዴት ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ደምመላሽ የጠየቀው ይህን ነው፦

«መሬቱ የማን ነው?»

«የሎርዱ» አለ ግዊን፤ ተራራውን በአገጩ እያሳየ። «እኔ ተከራይቼ ነው የማርሰው። አባቴም፣ አያቴም እንዲሁ።»

ደምመላሽ የከብት መኖ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። ጭሰኛ! ወጣትነቱን ሁሉ ነጻ ሊያወጣው የፈለገው፣ አገር ቤት የመሬት አዋጁ ቀድሞ የነጠቀው ጭሰኛ፣ እዚህ ዌልስ ተራራ ላይ ላንድሮቨር እየነዳ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል!

«ታዲያ ለምን አትታገሉትም?»

«ማንን?»

«ባላባቱን ነዋ!»

«ደህና ሰው እኮ ነው። ለገና ውስኪ ይልክልናል።»

«አየህ! በውስኪ ነው የሚያደነዝዟችሁ!»

«አያደነዝዝም» አለ ግዊን፤ «የሚልከው ትንሿን ጠርሙስ ነው።»

ከምሳ በኋላ ደምመላሽ ተማሪዎቹን በጎቹ ከሚታጎሩበት ጋጣ ሰበሰበና በተገለበጠ ገንዳ ላይ ወጥቶ ስለ መሬት ጥያቄ ንግግር ጀመረ። እንግሊዝኛው ከድሮ በራሪ ወረቀት የተማረው ስለሆነ ዳቦ ለመግዛት ይቸግረዋል እንጂ የጉልተኛውን ሥርዓት ለመገርሰስ አያንሰውም። የሎንዶን ልጆች ተደሰቱ፤ በግ ከመመገብ ያድናቸዋል። ጨበጨቡለት። ያጨበጨቡለት ሰው ደግሞ አይቆምም።

ሶልያና ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። የትምህርት ቤቱን ፈቃድ ጠዋት ተቀብላለች፤ ታክሲው ውጭ እየጠበቃት ነው። እጇን አወጣች።

«ዳድ፣ እየሄድኩ ነው። ፈተናው ነገ ነው።»

«ጥያቄና አስተያየት መጨረሻ ላይ» አለ ደምመላሽ፤ ዞር ብሎም አላያት።

«አስተያየት አይደለም። ባቡር ሊያመልጠኝ ነው።»

«ተይዞልሻል። ሁለተኛው የፊውዳሊዝም መገለጫ…»

ሶልያና ወጣች። ሁለተኛው መገለጫ ሦስተኛውን ወለደ፤ ሦስተኛው ታሪካዊ ዳራ ነበረው። ደምመላሽ «እስቲ አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ» ሲል ጋጣው ውስጥ የቀሩት በጎቹ፣ ውሻውና ግዊን ነበሩ።

«ጥያቄ የለኝም» አለ ግዊን። «ግን ልጅህ ሄዳለች። አሁን ባቡር ላይ ናት።»

«ኮበለለች!»

ሌላ ሰው ተከትሎ ይሮጣል። ደምመላሽ ግን በኮብላይነት ልምድ ያካበተ ሰው ነው። እሱን የጎዳው ያለ ወረቀት መኮብለሉ እንደሆነ ካመነ ቆይቷል። ስለዚህ የግዊንን ክንድ ያዘ።

«ምስክር ወረቀት ጻፍልኝ። ግዳጇን በሚገባ ተወጥታለች ብለህ።»

ግዊን ጉዳዩ ባይገባውም ልቡ ቀና ነው። «ሶልያና ጥሩ ልጅ ናት፤ በጎቹ ወደዋታል» ብሎ ጻፈና ፈረመበት።

«ማኅተሙስ?»

«የምን ማኅተም?»

«ክብ ማኅተም! ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ምኑ ወረቀት ነው?»

«እኔ ያለኝ የበጎቹ ነው» አለ ግዊን፤ ቀይ ቀለም እየነከሩ የበግ ጠጉር ላይ የሚመቱበትን ብረት አነሳ።

«ክብ ነው?»

«ክብ ነው። መሐሉ ላይ የሎርዱ ፊደል አለበት።»

ደምመላሽ አመነታ። የባላባት ማኅተም! በሕሊናው ውስጥ አጭር ጉባዔ ጠራ፤ ተከራከረ፤ «ታክቲክ ነው» ተብሎ ተወሰነ።

«ምታው» አለ።

የምታመለክተው ለአምስት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ወረቀቱ አምስት ተጽፎ አምስት ጊዜ ተመታ። ወረቀቶቹ እስከ ጀርባቸው ቀሉ።

በማግስቱ ማታ ሎንዶን ሲደርስ ሶልያና ፈተናዋን ሠርታ፣ ሶፋ ላይ እግሯን አጥፋ ሩዝ ትበላለች።

«ግለ ሂስ አድርጊ» አላት ከበሩ ሳያልፍ።

«ሂስህን ከራት በኋላ» አለች እህተማርያም፤ «አሁን ጫማህን አውልቅ፣ በግ በግ ሸተትክ።»

ብዙም ሳይቆይ አስተማሪዋ ትንቢቱን ተናገረ፤ ኤ። ማመልከቻው ሄደ። የዌልሱ ነገር እዚያ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይዞ ነበር፤ «ከአንድ ተርም ከፊሉን እርሻ ላይ ተምሬያለሁ» የሚል። ደምመላሽ ይህ መስመር የልጁን ዕድል እንዳይቀብረው ሰግቶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ አምስቱንም ቀይ ወረቀቶች በአደራ ደብዳቤ ለአምስቱም ዩኒቨርሲቲዎች ላከ።

ከአምስቱ አንደኛው ለቃለ መጠይቅ ጠራት። የገባችበት ክፍል ውስጥ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ብርድ ነው፤ መስኮቱ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠረጴዛው ላይ፣ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ቀዩ ወረቀት አለ፤ በግ በግ ይሸታል።

«ይህን ታውቂዋለሽ?» አለች ሴትየዋ። «የፖስታ ክፍሉ ሠራተኛ ደም መስሎት በጓንት ነው ያመጣልን።»

ሶልያና መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

«የበግ ቀለም ነው። አባቴ ነው የላከው።»

«አባትሽ በግ ያረባል?»

«ኖ። አውቶቡስ ነው የሚነዳው።»

ሁለቱ ተያዩ። ሽማግሌው ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«መልካም» አለች ሴትየዋ። «ተርሙን ሳትጨርሺ ነው የተመለስሽው። ለምን?»

ይኸውላችሁ! ደምመላሽን ዕድሜ ልኩን ሲያባንነው የኖረው ጥያቄ በልጁ ላይ ወረደ።

«የላብ ፈተና ነበረብኝ» አለች ሶልያና። «እዚያ ላብ የለም። ብቀር ኖሮ ኬሚስትሪዬን ማንም አያይልኝም ነበር። ስለዚህ ጥዬ መጣሁ።»

«ትክክል አድርገሻል» አለች ሴትየዋ። ከዚያ በኋላ የጠየቋት ስለ ኬሚስትሪ ብቻ ነው። ስለ በግ ማንም ትንፍሽ አላለም።

በነሐሴ የፈተናው ውጤት ወጣ፤ ትንቢቱ ሠመረ፤ ሶልያና ፋርማሲ ገባች። ደምመላሽ ካፌዋ ውስጥ አስቸኳይ ጉባዔ ጠራና «ዘመቻው ግቡን በመምታቱ» ሲል ጀመረ።

«ቆይ እስቲ» አሉት እትዬ ኣኽበረት። «ልጅቷን አግኝቻት ሁሉን ነግራኛለች። ያ የፈራኸውን ጥያቄ ጠይቀዋታል አይደል?»

«ጠይቀዋታል።»

«ጥዬ መጣሁ አለቻቸው?»

«አለቻቸው።»

«እና አስገቧት።»

ደምመላሽ ሻዩን አማሰለ፤ ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

«እንዲህ በቀላሉ?» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«እንዲህ በቀላሉ።»

«መኩሪያ» አለ፤ «ይህን ቃለ ጉባዔው ላይ እንዳታሰፍር።»

መኩሪያ አላሰፈረም። ስለዚህ ወደ ውጭ የወጣው ወሬ የዘመቻው ብቻ ሆነ፤ የደምመላሽ ልጅ ዌልስ በግ ጠብቃ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ወሬው ሆሎዌይን ጨርሶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ክሮይደን ደረሰ። ክሮይደን የምትኖረው አይናለም፣ የእህተማርያም የድሮ ጓደኛ፣ ሒሳብ ያስቸገረው ባርኮት የሚባል ልጅ አላት። ስልክ ደወለች።

«ሶሊዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ የኔ ቆንጆ! እስቲ ለእኔ ለእናትሽ ንገሪኝ፣ በምን ገባሽ?»

«በኬሚስትሪ ነው፣ እትዬ አይናለም።»

«እሱንማ ለሌላ ሰው ትነግሪዋለሽ። የበጉስ ነገር?»

«በጉ ምንም አላደረገልኝም። እንዲያውም ጥዬ ባልመጣ አልገባም ነበር። ኦነስትሊ፣ ባርኮትን እንዳይልኩት፤ ሒሳቡ ይባስ ይበላሽበታል።»

አይናለም አላመነችም። ጎበዝ ልጅ ያላት እናት ምሥጢር ስትደብቅ በሕይወቷ ስንቴ አይታለች!

«አይ የዘንድሮ ልጆች» አለች። «ራሳችሁ ከገባችሁ በኋላ በሩን ከውስጥ ትቀረቅሩታላችሁ።»

«እየቀረቀርኩ አይደለም! እውነቴን ነው!»

«ይሁን፣ አትንገሪኝ። ጫማውን ብቻ ንገሪኝ፤ ላስቲክ ነው ቆዳ የሚሻለው?»

ሶልያና በረጅሙ ተነፈሰች።

«ላስቲክ» አለች።